ቴፒ ላይ «ወዬ» ያለው ድምፅ

የምኖርበት ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ሰው ታስቸግሪያለሽ ይሉኛል። ባለፈው ሳምንትም ድንችና ሽንኩርቴን አንጠልጥዬ ስወጣ፣ ጎረቤቴ ከታች «ቤቲ!» ብላ ልጇን ተጣራች። ቤቲ አራተኛ ፎቅ ናት፤ ስልኳ ላይ ተደፍታ ነው መሰለኝ ዝም አለች። እኔ ባለሁበት ቆምኩ። ከኋላዬ የሚወጣው ሰውዬ «እማማ፣ ይለፉ እንጂ» ቢለኝም ንቅንቅ አላልኩም። እናት ደግማ ጠራች። በመጨረሻ ከላይ «ወዬ!» የሚል ቀጭን ድምፅ መጣ። ያን ጊዜ ሰውየውን ይቅርታ ጠይቄ መንገድ ለቀቅሁለት።

ይህን አመል ያመጣሁት ከቴፒ ነው።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። እኔም ከደብረ ብርሃን ብርድ ወጥቼ ሚዛን ተፈሪ የተመደብኩ ጀማሪ አስተማሪ ነበርኩ። አገሬ ነው እንጂ ለእኔ ባሕር ማዶ ነበር። እኛ ዘንድ ዛፍ ተፈልጎ ይገኛል፤ እዚያ የሚፈለገው ሰማይ ነው። ዝናቡ ሳያስጠነቅቅ ይመጣል፣ ያጠብኩት ልብስ ሻግቶ ይጠብቀኛል። ለምጄው ቆይቼ ስወደው ግን መውደዴ ለራሴም ገረመኝ።

ያስለመደችኝ ማርታ ናት። አብራኝ የምታስተምር የሚዛን ተወላጅ፣ ጴንጤ፣ ሳቂታ ልጅ ነበረች። እሷ በአማርኛዬ ትስቃለች፣ እኔ በእሷ። በተለይ ስትጠራ «ወዬ» ማለቷ ይደንቀኝ ነበር። እኔ ያደግሁበት ቤት ታላቅ ሲጠራ አቤት፣ እኩያ ሲጠራ ወይ ነው፤ አቤት ለማለት የዘገየ ልጅ ኩርኩም ይቀምሳል። ወዬ የቅምጥል ልጅ ቋንቋ ይመስለኝ ነበር። «አንቺማ ሳትጠሪም አቤት ትያለሽ» ትለኛለች ማርታ። አልተሳሳተችም።

አንድ የጥቅምት ቅዳሜ «ዛሬ ቴፒን አስጎበኝሻለሁ» ብላ በማለዳ ይዛኝ ወጣች። በአይሱዙ ጋቢና ተጣበን ሄድን። ጭጋጉ መንገዱ ላይ ስለተኛ ሾፌሩ ጡሩምባውን እየነፋ በዳበሳ ይነዳል። ግራና ቀኙ ጫካ ነው፣ ከጫካው ሥር ደግሞ ቡናው ቀልቷል። ቴፒ ስንደርስ ሙቀቱ ሹራቤን አስወለቀኝ።

ማርታ እየመራች ዛፍ ላይ የተጠመጠመ ቁንዶ በርበሬ አሳየችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ስበላው ሐረግ መሆኑን አላውቅም ነበር። ከከተማው መሀል ያለው የአውሮፕላን ማረፊያ ላይ ላሞች ይግጣሉ፤ «ፓይለቱ ከማረፉ በፊት ወርዶ ላሞቹን ያባርራል» አለችኝ። አምኛት ትንሽ እንደተራመድን ቆሜ ሳስበው ሁለታችንም በሳቅ ፈረስን። አንዲት ጠባብ ቤት ገብተን በዝንጅብልና በሚጥሚጣ የተፈላ የቡና ቅጠል ጠጣን፤ ዓይኔም አፍንጫዬም ፈሰሰ።

ነገሩ የጀመረው ገበያ ውስጥ ነው። አንድ ልብስ ሰፊ ቀና ብሎ ሲያየኝ የስፌት መኪናውን መርገጫ አቆመ። አናናስ ሻጯ የላጠችውን ልታቀብለኝ እጇን ዘርግታ ፊቴን ስታይ፣ አናናሱን መሬት ላይ አስቀምጣ ወደ ኋላ አፈገፈገች። አጠገቧ ያለችው «በስመ አብ!» ብላ አማተበች። እኔ ስደርስ ጨዋታው ይቋረጣል፣ ሳልፍ ሹክሹክታው ይከተለኛል። «ዛሬ ፈረንጅ ሆነሻል እንዴ?» ብላ ማርታ ልትቀልድ ሞከረች። ገበያ ሙሉ ሰው ዝም ሲል የሚያስፈራውን ያህል የሚያስፈራ ነገር አላውቅም።

በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ባለሱቅ በእጃቸው ጠቅሰው ወደ ውስጥ አስገቡን። ለረጅም ጊዜ አዩኝ።

«ልጄ፣ የማን ነሽ?»

ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «እዚህ ያደገች ታደለች የምትባል ልጅ ነበረች። ቁርጥ አንቺን። ጋምቤላ ተድራ፣ በቀደም ወባ ገደላት፤ እዚያው ተቀበረች። አገሩ ሁሉ ያውቃል፣ እናትየው ብቻ አያውቁም። ወንድሟ ከማሻ እስኪደርስ ነው የምንጠብቀው፤ መርዶው ነገ ማለዳ ነው።» ወደ ማርታ ዞሩ። «እባክሽ፣ ሳያዩዋት ይዘሻት ውጪ።»

ሹራቤን ራሴ ላይ ጣል አድርጌ ወደ መኪና ተራው ገሰገስን። አቋራጩ በአውሮፕላን ማረፊያው ሣር ላይ ነው። ሰማዩ ጠቁሯል፣ ነፋስ የለም። መሀሉ ላይ ስንደርስ ከኋላዬ የሴት ድምፅ ጮኸ።

«ታደለች!»

«አቤት!» አልኩ።

ስሜ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ታላቅ ሰው ነበር የጠራው፣ ምላሴ ደግሞ በኩርኩም የተገራ ነው። ዞርኩ። ሴትዮዋ ይሮጣሉ። ጎደሬ ሲልጡ ነበር መሰለኝ እጃቸው በጭቃ ተለውሷል። መርዶውን ያልሰማ አንድ ሰው «ልጅዎ ገበያ ውስጥ ታየች» ብሏቸው ኖሯል። ጥቂት እርምጃ ሲቀራቸው ቆሙ። ፈገግታቸው ፊታቸው ላይ እንዳለ ደረቀ።

«ልጄ አቤት ብላኝ አታውቅም» አሉ ቀስ ብለው። «ወዬ ነው የምትለኝ።»

ከዚያ ዙሪያቸውን አዩ። የገበያው ሰው ተከትሎን ሣሩ ዳር ቆሟል፤ አንድም ሰው ዓይናቸውን ሊያይ አልደፈረም። ማንም ሳይነግራቸው ተረዱ። እሪ ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ከእኔ ወዲያ ወደ ጫካው እያዩ እንደገና ተጣሩ።

«ታደለች!»

አፌን በሁለት እጄ አፈንኩ። ከዚያ ከቅርብ፣ ለምሳ እንደተጠራ ሰው ሳይቸኩል፣ «ወዬ» የሚል ድምፅ መጣ። ሲግጡ የነበሩት ላሞች ቀና አሉ። ሴትዮዋ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «መልሳልኛለች፤ በቃኝ» አሉና ሣሩ ላይ ተቀመጡ። ያኔ ነው ገበያው በአንድ ጊዜ በለቅሶ የፈነዳው።

እንደ አመጣጣችን በአይሱዙ ጋቢና ተመለስን። ጫካው ሲውጠን ማርታ «ለምን ወዬ አልሻቸው?» አለችኝ።

«እኔ? አፌን ይዤ አልነበረም?»

«ይዘሽ ነበር። አይቼሻለሁ።» እጄን ጨበጠችኝ። «ድምፁ ግን ያንቺ ነው።»

ለብዙ ሳምንት ፋኖሴን አላጠፋሁም። የማርያም ጽዋ በሚጠጣበት ቤት ያደግሁ ልጅ፣ ማርታን «ነይ ጸልይልኝ» ብዬ ለምኛታለሁ። አሁንም ስንደዋወል ቃሏን አልለወጠችም። በፊት እከራከራት ነበር፣ አሁን ትቼዋለሁ። የድምፁን ፍርሃት ለምጄው አረጀሁ። ሌሊት የሚያባንነኝ ሌላ ነው፦ ያ ድምፅ ባይመጣ ኖሮ፣ ሴትዮዋ እዚያ ሣር ላይ ቆመው እስከ መቼ ይጠሩ ነበር?

ትናንት ጎረቤቴ ደግማ ተጣራች። ዘንቢሌን አስቀምጬ፣ የደረጃውን ብረት ይዤ ጠበቅሁ። ቤቲ «ወዬ» አለች። ዘንቢሌን አንስቼ መውጣቴን ቀጠልኩ።