ጠፍሩን ያላላሁበት እሁድ

ይህ የሆነው በኖርዌይ ዋና ከተማ፣ ቢየርቪካ ላይ ኦፔራ ቤቱ በተከፈተ ዓመት በመጣው ክረምት ነው። የማልረሳው፣ ሰው ስለረዳሁ ብቻ አይደለም። ይቅርታ ጠይቂ ተብዬ እምቢ ስላልኩም ነው።

የምኖረው ስቶቭነር የሚባል ሰፈር ሲሆን ሥራዬ አውቶቡስ መንዳት ነው። ልጄ የሰፈሩ የስኪ፣ የበረዶ ላይ መንሸራተት፣ ክለብ ውስጥ ስለነበረች ወላጆች ሁላችንም ዱግናድ መውጣት ነበረብን። ዱግናድ እኛ ወሎ ላይ ደቦ የምንለው ነው። የክለቡ ኃላፊ ኦድቫር የሚባል ጡረታ የወጣ አናጺ ነበር። እኔን ቫፍል የሚሉትን ጣፋጭ ቂጣ መጋገር ላይ መደበኝ። ሻርፕ የለበስን እናቶች ሁላችንም እዚያው ነበርን። እኔ ግን ስኩተሩን እነዳለሁ አልኩ።

ስኩተር የሚሉት ከፊቱ ሁለት መንሸራተቻ፣ ከኋላው ደግሞ የጎማ ሰንሰለት ያለው የበረዶ ሞተር ነው። ጫካው ውስጥ የስኪ መንገድ የሚያወጣው እሱ ነው። ኦድቫር ሌላ ፈቃደኛ ስላልነበረ እሺ አለኝ።

ማሽኑ ግን ጠላቴ ሆነ። የተረገጠው መንገድ ላይ የኋላው ሞላ እንደ በቅሎ ይራገጣል፤ ወገቤን ፈጀኝ። አዲስ በረዶ ላይ ሲገባ ደግሞ ቂጡ ይሰምጥና የራሱን ጉድጓድ ይቆፍራል። ለኦድቫር ነገርኩት። ማሽኑ ድሮም እንዲህ ነው፣ ጉልበት ብቻ ነው የሚፈልገው አለኝ። ተሳፋሪ ወገቤን አመመኝ ሲለኝ ጉልበት አውጣ አልለውም። መልሱ አልተዋጠልኝም።

አንድ ደረጃ የምንጋራ ጎረቤት አሉኝ፤ አቶ ግርማይ ይባላሉ። አስመራ ሳሉ ሞተር ሳይክል ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። የበረዶ ሞተር አይተው ባያውቁም እስቲ ልየው ብለው አብረውኝ ወደ ጋራዡ መጡ። ማሽኑ ላይ አስቀምጠውኝ ጎንበስ ብለው የኋላውን ተመለከቱ። ስቀመጥበት ዝቅ አላለም።

"ጓለይ፣ ይሄ ሞላ ለሁለት ወፍራም ሰው የተወጠረ ነው" አሉኝ፤ ጓለይ በትግርኛ ልጄ ማለት ነው።

ሞላውን አላላነው። ከሥር ደግሞ የሰንሰለቱን የፊት ክፍል ወደ ላይ የሚይዝ ጠፍር አገኘን። ጠፍሩ ሲጠብቅ መንሸራተቻዎቹ መሬት ይዘው መሪው ይታዘዛል፤ ሲላላ አፍንጫው ቀና ይልና ማሽኑ የላላ በረዶ ላይ ይወጣል። ደስ ብሎን እስከ መጨረሻው አላላነው። በማግስቱ የተረገጠው መንገድ ላይ መሪውን ባዞር ባዞር ማሽኑ ቀጥ ብሎ ሄደና ከጥድ ዛፍ ጋር ተላተምኩ። የፊቱ ሽፋን ተሰነጠቀ።

ኦድቫር መጥቶ አየ። ከእንግዲህ አንድ ብሎን ብትነኪ የማሽኑን ቁልፍ እወስዳለሁ አለኝ። ለዛፉም ለሽፋኑም ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነበር። የተሳሳትነው ልኩን እንጂ ሐሳቡን አልነበረም። ስለዚህ አልተውኩትም። ከአቶ ግርማይ ጋር ሰው ሳያየን እየሞከርን ልኩን አገኘነው፤ ሞላው መካከለኛ ሆኖ ይቆያል፣ ጠፍሩ ለተረገጠ መንገድ ይጠብቃል፣ አዲስ በረዶ ሲጥል ደግሞ ትንሽ ይላላል።

አንድ ቅዳሜ በረዶ ሲወርድ ዋለ። እሁድ ጠዋት ማንንም ሳላስፈቅድ ጠፍሩን አላላሁት።

እኩለ ቀን ገደማ አንድ ሰውዬ በስኪ እየሮጠ ጋራዡ ደረሰ። ሚስቱ ከመንገዱ በታች ባለው ሸለቆ ውስጥ ወድቃ እግሯ ተሰብሯል። የነፍስ አድን ሰዎች ተጠርተዋል፤ ግን ሌላ አደጋ ላይ ስለሆኑ ይዘገያሉ ተብሏል። ኦድቫር እዚያው ነበር። ሸለቆውን ያውቀዋል፤ ራሱም በዚያው ስኩተር ሰምጦበታል። እንጠብቅ አለ፤ አንቺም እዚያ ከቀረሽ የምናወጣው ሁለት ሰው ነው አለኝ። ክፉ ሰው ሆኖ አልነበረም።

"ጠፍሩን አላልቼዋለሁ፤ ይወጣል" አልኩት።

"ከልክዬሽ አልነበር?"

"ከልክለኸኛል" አልኩና ባልየውን ኋላዬ አስቀምጬ ሞተሩን አስነሳሁ።

አልፈራሁም ብል ውሸት ነው። ቁልቁለቱ ላይ በረዶው እስከ መሪው ደረሰ። ፊቴ ላይ እየተበተነ ምንም አላሳየኝም። ሴትየዋ ጥድ ሥር ተቀምጣለች፤ ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል። ከባሏ ጋር ተሸክመን ከስኩተሩ ኋላ የተቀጠለው ተጎታች ላይ አሰርናት። ጓንቴን ይዛ አልለቅ አለችኝ፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ ማላቀቅ ነበረብኝ።

ስንወጣ ዳገቱ አጋማሽ ላይ ማሽኑ ተንገዳገደ። ቂጡ ሰመጠ። ያ አላህ አልኩ፤ ነዳጁን ግን አልለቀቅሁም። ወደ ኋላ ተደገፍኩ። አፍንጫው ቀና አለና በረዶው ላይ ወጣ፤ ከዚያ ወዲያ አልቆመም። የተረገጠው መንገድ ላይ መሪው እምብዛም አይታዘዝም ነበር። ውርጭ ላይ አውቶቡስ እንደምነዳው ቀስ ብዬ መጣሁ። ኦድቫር ብርድ ልብስ ይዞ ጠበቀን። አምቡላንሱ የደረሰው ከእኛ በኋላ ነው።

በሳምንቱ የወላጆች ስብሰባ ላይ ኦድቫር ጥሩ ሥራ ሠርታለች ብሎ ጀመረ። ቀጠለና፣ የተከለከለ ነገር ነክታለች፣ ሁላችሁም ፊት ይቅርታ ትጠይቅና ቁልፉን ትያዝ አለ። ሁሉም ዞሮ አየኝ። ኖርዌይኛዬ ድርግም ብሎ ጠፋ፤ የቀረኝ አንድ ቃል ብቻ ነበር።

"ናይ" አልኩ፤ እምቢ ማለቴ ነው። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ።

ልጄ በሀፍረት ልትሞት ደረሰች። "ማማ፣ ኡንሺል በያቸውና ፌርዲግ!" አለችኝ። ይቅርታ በይና ይለቅ ማለቷ ነው። ይቅርታ ለዛፉ ጠይቄያለሁ፣ ሰው ስላወጣሁ ግን አልጠይቅም አልኳት። ያን ክረምት ሌላ ሰው ነዳ። መንገዱን እያየሁ በአጠገቡ አልፍ ነበር።

በሚቀጥለው ክረምት የመጀመሪያው በረዶ ሲጥል ኦድቫር ደወለ። ጠፍሩን የትኛው ቀዳዳ ላይ ነበር ያሰርሽው ብሎ ጠየቀኝ። በስልክ አልናገርም፣ መጥቼ አስረዋለሁ፣ የምነዳውም እኔ ነኝ አልኩት።  "ነገ ጠዋት ነይ" አለኝ። የይቅርታውን ነገር እሱም አላነሳው፣ እኔም አላነሳሁት።

አንዳንድ ጓደኞቼ ደንብ ደንብ ነው፣ ሰው አገር ተቀምጦ እንዲህ አይደረግም ይሉኛል። እሰማቸዋለሁ። ግን ያቺ ሴት እዚያ ሸለቆ ውስጥ እየተንቀጠቀጠች ፈቃድ እስኪመጣ መጠበቅ ነበረባት ብሎ የሚያሳምነኝ ሰው ካለ ይምጣና ያስረዳኝ። እስካሁን የመጣ የለም።