የጀማ ቁልቁለትና የአማቴ ክምር

የጋለ ፍሬን ሽታ ታውቃለህ? የተቃጠለ ቀንድ ይመስላል። ባለፈው ሰሞን በሚኒባስ ወደ ጀማ ስንወርድ በመስኮቱ ገባ። ወጣቶቹ አፍንጫቸውን ይዘው ተሳሳቁ። እኔ ግን የፊተኛውን ወንበር ብረት ጨብጬ ቀረሁ። መንገዱ ደህና፣ ሾፌሩም ጠንቃቃ ሆኖ ሳለ ደረቴ ላይ ጆንያ የተጫነብኝ መሰለኝ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት «አባባ፣ አመመዎት እንዴ?» አለችኝ። አላመመኝም አልኳት።

ጊዜው የደርግ ነበር፤ ጎረምሳ እየታፈሰ ወደ ሰሜን ጦር ሜዳ የሚጋዝበት። ካገባሁ ዓመት አልሞላኝም፤ ሚስቴም ነፍሰ ጡር ነበረች። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ስሜን ማንሣቱን ቀድመው የሰሙት አማቴ ናቸው። አማቴ ቄስ ነበሩ፤ ቀድሰው ሲወጡ ሞፈር የሚጨብጡ ገበሬ። ከዓለም ከተማ እህል ጭኖ አዲስ አበባ የሚመላለስ አንድ ሾፌር የንስሐ ልጃቸው ነበር። አስጠሩትና «ይህን ልጅ በጆንያ መሐል አድርገህ ጀማን አሻግርልኝ። ከኬላው ወዲያ እግዜር ያውቅለታል» አሉት። ለነፍስ አባት እምቢ አይባልም። እሺ አለ።

ጭነቱን የደረደሩት ራሳቸው አማቴ ናቸው። በዚያ አገር እንደሳቸው ክምር የሚሠራ አልነበረም። የታጨደው ስንዴ አውድማ ሲደርስ ዛላውን ወደ ውስጥ፣ አገዳውን ወደ ውጭ እያደረጉ ዙሪያውን ያነሡታል፤ ጫፉን እንደ ጎጆ ክዳን ያሾሉታል። ዝናብ አይገባው፣ ነፋስ አይነቀንቀው። የጭነት መኪናውንም እንደዚያው ሠሩት። መሐሉን ለእኔ ባዶ ትተው ጆንያ በጆንያ ላይ በዙሪያው አነሡ። ከራሴ በላይ ሳንቃ አጋድመው እንደገና ጫኑበት። እኔ ቦታውን የወሰድሁበት ጤፍ ሁሉ ወደ ላይ ወጣ ማለት ነው። ሾፌሩ ቀና ብሎ አየና ራሱን አከከ። ረዳቱ አፉ የማያርፍ ጎልማሳ ነበር። «መምሬ፣ ጉልላት ብቻ ቀረው!» አለ። አማቴ ሳቁ። ሾፌሩ ግን አልሳቀም፤ አፉንም አልከፈተም። ነፍስ አባቱን እንዴት ብሎ ያርማል!

አማቴ እስከ ኬላው ልሸኘው ብለው ከሾፌሩና ከረዳቱ ጋር ጋቢና ገቡ። ከጋቢናው ጀርባ መስታወቱ የወለቀ መስኮት ነበር። አየር የማገኘውም፣ ወሬ የምሰማውም በዚያ ነው። ጉልበቴ አገጬን ነክቶ፣ የጤፍ ትቢያ ጉሮሮዬን እየከረከረኝ፣ ሳል ሲመጣብኝ ነጠላዬን እየነከስሁ ተቀመጥሁ። በሳንቃው ስንጥቅ ክር የምታህል ብርሃን ትገባለች። መኪናው ሲዞር እሷም ከትከሻዬ ወደ እጄ ትሻገራለች። ሌላ የማየው አልነበረኝም።

ሜዳው ላይ ደህና ነበር። ቁልቁለቱ ሲጀምር ነው ነገሩ የመጣ። መኪና ሲታጠፍ ጭነት አብሮ የሚታጠፍ ይመስልሃል? አይታጠፍም። ጭነት እንደ እልኸኛ በሬ በጀመረው ልሂድ ይላል። መኪናው ወደ ግራ ሲዞር የግራው የጆንያ ግድግዳ እላዬ ላይ ይተኛል፤ ወደ ቀኝ ሲዞር የቀኙ። መንገዱ ሲቃና ትንሽ ይመለሳል፤ እንደ ነበረ ግን አይመለስም። በየኩርባው ቦታዬ ጠበበች። መጀመሪያ ክንዴን፣ ኋላ ደረቴን ያዘኝ።

«መምሬ» አለ ሾፌሩ፣ «ይፍቱኝና ጭነቱ ከፍ ብሏል። ክብደት ሽቅብ ሲወጣ መኪና ለመገልበጥ ሰበብ አይፈልግም።»

«እኔ የሠራሁት ክምር ተንዶ ያውቃል?»

«አያውቅም። የእርስዎ ክምር ግን ቆሞ ነው የሚኖር። ይሄ ይሄዳል።»

«ቀስ ብለህ ንዳዋ!»

«ቀስ ልል ብዬ እኮ ነው ፍሬኑን የፈጀሁት። በአንደኛ ማርሽ ይዤዋለሁ፤ ሞተሩ ብቻውን አልቻለውም።»

ያን ጊዜ ነው ሽታው የመጣ። ሾፌሩ እንደምንም ወደ ተራራው ግድግዳ አስጠግቶ አቆመ። ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ከጎማው ሥር ድንጋይ ከተተ። አማቴ «ውሃ አፍስሱበት!» ሲሉ ሾፌሩ ጮኸ፤ «በጋለ ብረት ላይ ውሃ? ይሰነጠቅብኛል መምሬ!»

ከዚያ ቦታ፣ ኋላ ስወጣ እንዳየሁት፣ የጀማ ድልድይና ኬላው ቁልጭ ብለው ይታያሉ። የኬላው ሚሊሺያዎችም እኛን ያዩናል። ከፊታችን ያለችው ኩርባ ደግሞ ከሁሉም የከፋችው ነበረች።

«እንዲህ ሆኖ ይቺን አይዞራትም» አለ ሾፌሩ። «የላይኛው ጆንያ ወርዶ መሐሉ መሞላት አለበት። መሐሉ ከተሞላ ልጁ ቦታ የለውም።»

«ሚካኤል ይይዘዋል፤ ንዳ።»

«ሚካኤልም ቢሆን መምሬ» አለ ረዳቱ፣ «ይህን ሁሉ ጤፍ በምን ክንፉ?»

ሾፌሩ «ልጆች አሉኝ» አለ፣ በዝግታ። ብወጣ የሚጠብቀኝን አውቃለሁ። ብቀመጥ ደግሞ ጋቢናው ውስጥ ያሉት ሦስት ሰዎች አብረውኝ ገደል ይገባሉ። ትንፋሼን መሳብ አቅቶኝ ነበር፤ ሳንቃውን በቡጢ የመታሁት ግን ለዚያ አይደለም። ለእነሱ ነው።

«አውርዱኝ!»

«ዝም በል አንተ!» አሉ አማቴ።

«አልልም! ልጅዎ ባሏንም አባቷንም ባንድ ገደል ትጣ?»

ጆንያዎቹ ሲነሡ ብርሃኑ ዓይኔን ወጋኝ። እግሬ አልታዘዝ ብሎኝ መሬት ላይ ተቀመጥሁ። እነሱ የእኔን ጉድጓድ በጤፍ ሲሞሉ አየሁ። አንድ ሚሊሺያ ጠመንጃውን አንግቦ ከኬላው በአቋራጭ ደረሰ። «ጤፉ እግር አወጣ እንዴ?» አለ። አማቴ መስቀላቸውን አወጡ። «የደበቅሁት እኔ ነኝ፤ ሾፌሩ የለበትም። ልጄን ማርልኝ።» ሚሊሺያው ጎንበስ ብሎ መስቀሉን ተሳለመ። «ይፍቱኝ መምሬ። እሱን ብተወው በምትኩ የምሄደው እኔ ነኝ። መኪናው ይሂድ፤ የጎደለን ሰው ነው።»

በአቋራጩ በእግር ወረድን፤ ሚሊሺያው ከኋላ፣ እኔና አማቴ ከፊት። ጋቢናውን ትተው አብረውኝ ወረዱ። ያን የሚያህል ጎረምሳ ሆኜ ሳለ እጄን እንደ ሕፃን ያዙኝ። ከላያችን ሞተሩ ሲያቃስት ሰማንና ቆመን ቀና አልን። መኪናው ኩርባዋን ያዛት። አላዘነበለም። ቀጥ ብሎ ዞረና ወረደ።

«ዞረ» አሉ አማቴ።

ከጦር ሜዳ ስመለስ ልጄ የሚሮጥ ልጅ ሆኖ ጠበቀኝ፤ አማቴ ግን በሕይወት አልነበሩም። በመጨረሻ ያየኋቸው ድልድዩ አፍ ላይ ነው። ሚሊሺያው «በቃ መምሬ፣ ይልቀቁት» አላቸው። አልለቀቁኝም። ደግሞ አላቸው። ኃይል እንዳይጠቀምባቸው ፈራሁ፤ ጎንበስ ብዬ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ያላቀቅሁት እኔ ነኝ።