በማመልከቻ የሞተው ሐምዱ

በብዕሬ ብዙ ሰው ገድያለሁ። ደብረ ማርቆስ ፍርድ ቤት ፊት ለፊት፣ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር ጠረጴዛ ዘርግቼ ሃያ ስድስት ዓመት ማመልከቻ ስጽፍ፣ አባቱ ደጅ ቆሞ የሚጠብቀውን «አባት እናት የሌለኝ»፣ ሰባት ወንድም ያለውን «ከፈጣሪ በቀር ዘመድ የማላውቅ» እያልሁ ጽፌያለሁ። ወጉ ነው። ራሱን ዝቅ ያላደረገ አቤቱታ እንደ ድፍረት ይቆጠራል። ዳኛው ያውቃል፣ ባለጉዳዩ ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፤ ማንም የተታለለ የለም። ከእነዚያ ሁሉ ሙታን አንዱ ግን እውነት ሞተብኝ። ስሙ ሐምዱ ነው።

ሐምዱን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። ገበያው አፋፍ ላይ አቡጀዲ፣ ሳሙና፣ መርፌና ክር፣ ጃንጥላ የሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ ነበረችው። ቁርኣኑን በዓረብኛ አንብቦ ይጨርሳል፤ የአማርኛ ፊደል ግን አልቆጠረም። ስለዚህ የመጣለትን ደብዳቤ ሁሉ የማነብለት እኔ ነበርሁ። ሰውየው ዝምተኛ ነው፤ ሲስቅ እንኳ ሱቁን የሚያስቸግር ይመስል ድምፁን ይቀንሳል። ሰዎች አንድ ነገር ያሙት ነበር፦ በገበያ ቀን ሱቁን የሚከፍተው ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው። «ሐምዱ ሰነፍ ነው፣ ሚስቱ ስለሞተች የሚቀሰቅሰው አጣ» ይሉታል። እኔም ብያለሁ።

ያሕያ አንድ ልጁ ነው። በ1957 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ሲጨርስ ጥሩ ውጤት አመጣ። አዲስ አበባ አንድ የንግድ ትምህርት ቤት እንዳለ፣ ከየጠቅላይ ግዛቱ ከሁለትና ከሦስት በላይ እንደማይወስድ መምህሩ ነገረው። የሚጠየቀው የፈተና ውጤት፣ የመምህር ምስክርነት፣ ደግሞም ተማሪው «ንግድ ለመማር ለምን እንደፈለግህ በራስህ ቃልና በራስህ እጅ ጻፍ» የተባለበት አንድ ገጽ ነበር። ሁለቱ ተሟሉ። ሦስተኛውን ይዘው አባትና ልጅ እኔ ዘንድ መጡ።

ያሕያ ረቂቁን ራሱ ጽፎ ነበር። ተቀብዬ አነበብሁት። ውሃ የመሰለ ጽሑፍ ነው፤ ጌጥ የለው፣ እንባ የለው፣ ልመና የለው። መሐሉ ላይ የገበያና የሱቅ ወሬ አለበት። ብዕሬን ቀይ ቀለም ነክሬ ከላይ እስከ ታች ሰረዝሁት።

«ጋሼ ፈንታ፣ እነሱ የጠየቁት እኮ ስለ ራሴ ነው» አለ ልጁ።

«ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች አሉ! በዚህ ብዕር ስንት ሰው ከእስር እንዳስፈታሁ ታውቃለህ? ሹም ልቡ ካልራራ እጁ አይፈርምም።»

«ሹም ሳይሆን መምህራን ናቸው የሚያዩት።»

«ያሕያ፣ ለታላቅ አይመለስም» አለ ሐምዱ ዝግ ብሎ።  ያን ቀን አባትየው ዝም ባያሰኘው ኖሮ፣ እያልሁ ስንት ጊዜ እንዳሰብሁ!

ከዚያማ ያለኝን ሁሉ አወጣሁ። «እኔ ታናሽ ብላቴና፣ አባቴን ሞት የነጠቀኝ፣ ከወደቅሁበት የሚያነሣኝ ያጣሁ» ብዬ ጀመርሁና ገጹን ሞላሁት። እንደ ልማዱ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁላቸው፤ ባለጉዳይ ሳይሰማው የሚሄድ ወረቀት ከእኔ ጠረጴዛ አይወጣም። አጠገባችን ተራ የሚጠብቁ ሁለት ሴቶች ከንፈራቸውን መጠጡ። ደስ አለኝ።

«እኔ እኮ አለሁ፣ ፈንታ» አለ ሐምዱ።

«ወግ ነው እንጂ ማን ያምነዋል?»

በዚያ ዝቅ ባለ ሳቁ ሳቀ። «ይሁን። ልጄ ይግባልኝ እንጂ፣ ሙት ብባል ምን እሆናለሁ።»

ያሕያ ቃል በቃል በእጁ ገልብጦ ፈረመበት። አንገቱን እንደደፋ ነው የጻፈው።

መስከረም ላይ መልሱ መጣ፤ ገብቷል። ማደሪያውና ምግቡ በነጻ ሆኖለታል፤ «ወላጅ አልባ በመሆኑ» ይላል ወረቀቱ። እኔ ያቺን ቃል እንደ ወግ አንብቤ አለፍኋት። ሐምዱ ሙክት ሳያርድ፣ እኔ ክርስቲያን ነኝና ቢላዋው የእኔ እንዲሆን ብሎ፣ ራሱ እየነዳ ደጄ ድረስ አመጣልኝ። የሰፈሩን ሰው ጠርቼ በላን፤ ስለ ብዕሬም ብዙ አወራሁ።

ኅዳር ላይ ከያሕያ ደብዳቤ መጣ። ለሐምዱ ማንበብ ጀመርሁ። መዝገብ ቤት ጠርተው አባቱ ከሞተ ስንት ጊዜ እንደሆነው ጠየቁት። አዘኑለት፤ አንዲት ሴትዮ አቅፋ አለቀሰችለት። የአዲስ አበባዎቹ የእኛን ወግ አያውቁም፤ የተጻፈውን እንደተጻፈ አምነዋል። በዚያው ወር አንድ ተማሪ በሐሰተኛ ወረቀት ገብተሃል ተብሎ ተባሯል። «አባባ ድንገት ከመጣ አጎቴ ነው እላለሁ፤ ይቅር ይበለኝ» ይላል ደብዳቤው። ይህቺን መስመር ልዝለላት ብዬ ነበር፤ የሐምዱ ዓይን ከከንፈሬ አልነቀል ስላለኝ አነበብኋት።

«አጎትም አባት ነው» አለና ወደ ሱቁ ሄደ።

በጥር ቅቤና ቆሎ ይዞ ልጁን ሊጠይቅ አዲስ አበባ ሄደ። ሲመለስ እንዲህ አለኝ፦ «የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ስምዎ ማነው ሲለኝ ስሜ አፌ ላይ መጥቶ መለስሁት። ልጁ ያሕያ ሐምዱ ነው የሚባለው፤ አጎቱ ደግሞ ሐምዱ ሊባል ነው? ሙነወር ነኝ አልሁት።» ሙነወር ታናሽ ወንድሙ ነው። እንደ ቀልድ ነበር ያወራኝ፤ ከዚያ ወዲህ ግን አዲስ አበባ አልሄደም። ያሕያ ክረምት ክረምት ሲመጣ ተቃቅፈው ሲሄዱ አያለሁ። በቀሩት ዓመታት የሚመጣውን፣ ሰው እጅ እንዳይገባበት ብሎ «የተከበርህ አጎቴ» እያለ የሚጀምረውን ደብዳቤ የማነብለት እኔ ነኝ፤ ለሰውየው በየጊዜው የሞቱን መርዶ የማረዳ ሆንሁ።

በ1960 ያሕያ የሚመረቅበት ቀን ደረሰ። «አብረኸኝ ሂድ፣ ብቻዬን አጎት መሆን ሰለቸኝ» አለኝ ሐምዱ። እምቢ የምልበት አፍ አልነበረኝም። ለመንገዱ ሣጥኔን ሳራግፍ አንድ በቀይ የተሰረዘ ወረቀት ወደቀ። ወረቀት ስለምቆጥብ ጀርባው ላይ የሌላ ሰው አቤቱታ አርቅቄበታለሁ። ገለበጥሁት፤ የያሕያ ጽሑፍ ነበር። ያን ቀን እንደ ሹም ነበር ያየሁት፤ አሁን ግን ቁጭ ብዬ እንደ ሰው አነበብሁት።

ደጀን ስንደርስ ሹፌሩ ወደ ዓባይ በረሃ ከመውረዱ በፊት ፍሬኑን ሊፈትሽ ቆመ። ሰው ሁሉ ሻይ ሊጠጣ ወረደ። ሐምዱን ጎኔ አስቀምጬ ከቀዩ መስመር ሥር ያለውን አነበብሁለት።

«በገበያ ቀን ሌሎች ነጋዴዎች ሳይነጋ ይከፍታሉ። አባቴ የሚከፍተው ከሰዓት በኋላ ነው። ባላገር እህሉን ሳይሸጥ ዕቃ አይገዛም ይላል። ጠዋት ገበያ እየዞረ የጤፍ ዋጋ ይጠይቃል። ጤፍ ከረከሰ ሳሙናና መርፌ ከፊት ይደረድራል፤ ከተወደደ አቡጀዲና ጃንጥላ ያወጣል። ሰነፍ ነው ይሉታል፤ እሱ መልስ አይሰጥም። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ይህን ከየት እንዳወቀው እገረማለሁ። እኔ መማር የምፈልገው አባቴ በልቡ የሚያውቀውን በወረቀት ለማወቅና ለሌላው ለማስረዳት ነው።»

«ድገመው» አለኝ። ደገምሁት። «አንድ ጊዜ ደግሞ።» ሦስተኛም አነበብሁለት።

«ይህን ነው የሰረዝኸው?»

«ይህን ነው።»

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ አጥፎ ኪሱ ከተተው። በረሃውን ወርደን፣ ድልድዩን ተሻግረን፣ ጎሐ ጽዮን እስክንወጣ እጁን ከኪሱ ላይ አላነሣም።

በማግስቱ አዳራሹ ውስጥ ከኋላ ወንበር ተቀመጥን። ተማሪዎቹ በተራ እየተጠሩ ከትምህርት ቤቱ ኃላፊ እጅ ወረቀታቸውን ይቀበላሉ። ሐምዱ ነጭ ጋቢውን ለብሶ፣ እጁን ኪሱ ላይ አድርጎ፣ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል።

«ያሕያ ሐምዱ!»

«አቤት!» አለ ሐምዱ፤ ብድግ ብሎ።

እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳለው አላውቅም ነበር። ሰው ሳቀ። ያሕያ ደረጃው ላይ እንደቆመ ዞረ። ከመዝገብ ቤቱ ሠራተኞች አንዷ ወደ ኃላፊው ጎንበስ ብላ አንሾካሾከች። ኃላፊው ወረቀቱን እንደያዘ ቀረ።

«ማናቸው?» አለ።

አጎቴ ናቸው ቢል ያልፋል። ወረቀቱ ሦስት ዓመት የተደከመበት ነው፤ ከእጁ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነው። የትኛውን መልስ እንደምመኝ እንኳ አላውቅም ነበር።

«አባቴ ነው» አለ ያሕያ።

«በመዝገባችን አባትህ ሞተዋል።»

«አልሞተም። በወቅቱ የጻፍሁት ሐሰት ነበር። አባቴ እሱ ነው።»

ኃላፊው ልጁን አየ፤ ከዚያ ከኋላ የቆመውን ሰው አሻግሮ ብዙ አየው። «ስምዎ ማነው?»

«ሐምዱ ነኝ። ደብረ ማርቆስ ሱቅ አለኝ።»

ኃላፊው መነጽሩን አወለቀ። «ይህን ጉዳይ ነገ ቢሮዬ እንነጋገርበታለን» አለው ያሕያን፤ ወረቀቱን ግን ሰጠው። እጁን ሲጨብጠው አየሁ።

ሐምዱ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።  ጉልበቴን ያዘና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ሰማህ፣ ፈንታ? ስሜን ጠሩኝ እኮ።»

የጠሩት ልጁን ነው አላልሁትም።