የዶሮ አጥሩ በር

አክስቴ ዶሮዎቹን ገዝታ ካመጣች ወዲህ ከግቢ የምወጣው ለገበያ ብቻ ነበር፤ እሱም በሩጫ። የምንኖረው ልደታ፣ አሮጌ የቀበሌ ግቢ ውስጥ ነው። ከጎረቤቶቻችን ጋር አንድ በር፣ አንድ ቧንቧና አንድ የልብስ ማስጫ እንጋራለን። እናቴ ከስድስተኛ ክፍል አስወጥታ ወደ አክስቴ ስትልከኝ «ቤት ትጠብቅልሻለች» ብላ ነው። መጀመሪያ ቤት ጠበቅኩ፤ ኋላ ዶሮ።

ዶሮዎቹ የሚውሉበት ከወጥ ቤቱ ጀርባ ያለ ጠባብ ቦታ አጥር አልነበረውም። ድመት አንዷን ስትወስድብን አክስቴ በርጩማ አወጣችልኝ።

«እዚህ ተቀመጪ። ሌላ ብትጎድል ካንቺ ራስ አልወርድም።»

ፀሐይዋ ከግንቡ ጀርባ እስክትገባ እቀመጣለሁ። ከግንቡ ማዶ የታክሲ ረዳቶች «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ይላሉ። ሰው ሁሉ የሆነ ቦታ ይሄዳል።

አንድ ቀን የአክስቴን ቀሚስ ለማሳጠር ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ልብስ ወደምትሰፋ ሴት ተላክሁ። ዓይኔ ከስፌት መኪናዋ አልነቀል ሲል አየችኝ። «ሰኞ ከምሳ በኋላ ነይ፤ እየረዳሽኝ ትማሪያለሽ። ካልመጣሽ ሌላ ልጅ እየለመነችኝ ነው» አለችኝ።

ለአክስቴ ስነግራት መጀመሪያ የጠየቀችው ዶሮዎቹን ማን እንደሚጠብቅ ነው።

«አጥር ብሠራላቸውስ?» አልኩ ወደ መሬት እያየሁ።

«ለዶሮ አጥር የማወጣው ሳንቲም የለኝም። ቤት ካለው ከሠራሽ ሂጂ።»

ቤት ያለው ጣራ ሲቀየር የተረፈ ዝገት የበላው ቆርቆሮ ነበር። ጎንና ጎኑን በእሱ አጠርኩ። ድመት እንዳትቆፍር ከሥሩ ድንጋይ ቀበርኩ፤ ጭልፊት እንዳይወርድ ከላይ ገመድ አመሳቀልኩ። የቀረኝ በር ነው። ለበር የሚሆነው የጎረቤታችን የሽማግሌው አሮጌ የሽቦ አልጋ ብቻ ነበር፤ ግቢው ጥግ ተደግፎ ይዝጋል። መጠየቅ አፍሬ ስዞረው ሰነበትኩ። በመጨረሻ እሳቸው ራሳቸው ጠሩኝ።

«ልጄ፣ አልጋዬ ምን በድሎሽ ነው እንዲህ የምትገላምጪው?»

«ለ... ለዶሮዎቹ በር...»

«ውሰጂው! እኔንስ መሸከም አቅቶታል።»

ከጎማ ቁራጭ ማጠፊያ አበጀሁለት። ድመት በሽቦው መካከል እጇን እንዳታሾልክ ከውጭ የማዳበሪያ ከረጢት ወጥሬ በቀጭን ሽቦ አሰርኩበት። ከተጣለ የሽንት ቤት በር የነቀልኩትን መቀርቀሪያም በውጭ በኩል መታሁበት። አክስቴ በሩን ያዘችና ነቀነቀችው። ከዚያ ወደ ግቢው ዞራ ጮኸች። «ይህን በር ክፍት ያየ ሰው ይቀርቅርልኝ!»

በእኛ ግቢ እንዲህ ያለ አደራ አይረሳም። ዝናብ ሲመጣ የማንንም ልብስ ያገኘው ያነሳል፤ የማንም ድስት ሲገነፍል ያየው ይከፍታል።

ሰኞ ከምሳ በኋላ ደህና ልብሴን ለበስኩ። ዶሮዎቹ እንዳይጠማቸው ውኃ ልሞላ ገባሁና እንዳያመልጡ በሩን ከኋላዬ ገፋ አደረግሁት። ወዲያው ከውጭ የሸበጥ ድምፅ ሰማሁ፤ ቀጥሎ መቀርቀሪያው ቀጭ አለ።

«እንዲህ ክፍት ይተዋል?» አሉ ሽማግሌው፤ ሄዱም።

አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም። ትምህርት ቤትም መልሱን እያወቅሁ እጄን አላወጣም ነበር።

ድመት እንዳትገባ ያጠበብኩት የበሩና የቆርቆሮው ክፍተት የእኔንም እጅ አላስገባ አለ። ማዳበሪያውን ብገፋው እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ያሰርኩበትን ሽቦ በፒንሳ ነበር ያጠመዘዝኩት፤ በጣቴ የሚፈታ አይደለም። ቆርቆሮውን በርግጬ መውጣት እችላለሁ። ግን አጥሩ ከፈረሰ ነገ በርጩማዬ ይጠብቀኛል። ዶሮዎቹ እግሬ ሥር እየጫሩ ሥራቸውን ቀጠሉ። ረዳቱ ከግንቡ ማዶ ይጣራል። ያቺ ሌላዋ ልጅ ስፌት መኪናው ፊት ስትቀመጥ ታየችኝ።

«ጋሼ» አልኩ። ዶሮዎቹ እንኳ ቀና አላሉም።

«ጋሼ! እኔ ነኝ! ይክፈቱልኝ!»

የገዛ ድምፄ አስደነገጠኝ። ቧንቧው ጋ ልብስ የምታጥበው ጎረቤታችን «ኧረ ጉድ፣ ዶሮዋ አፍ አወጣች!» ብላ ሳቀች። ሽማግሌው እየተጣደፉ መጥተው ከፈቱልኝ።

«ውይ ልጄን! ምነው ቀደም ብለሽ ብትጣሪ?»

«ተጣርቼ ነበር።»

«በልብሽ ነዋ!»

መቀርቀሪያውን አደራ ብያቸው እስከ ጠመንጃ ያዥ ሮጥኩ። ልብስ ሰፊዋ ቀና ሳትል «አርፍደሻል» አለችኝ።

«ዶሮ አጥር ውስጥ ተቀርቅሮብኝ ነው።»

ጫማዬን አየች፤ ከዚያ ፀጉሬ ላይ የተሰካውን ላባ። «ጫማሽን ጥረጊና ግቢ» አለችኝ።

አመሻሽ ላይ ተመልሼ መቀርቀሪያው ላይ ገመድ አሰርኩ፤ ማዳበሪያውን በስቼም ጫፉን ወደ ውስጥ አሾለክሁት። አክስቴ ከኋላዬ መጣች።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ዶሮ ገመድ ትስብ ብለሽ ነው?»

«ለእኔ ነው» አልኳት። ካሰብኩት በላይ ጮክ ብሎ ወጣ።

አክስቴ ጫፉን ያዘችና ሳብ አደረገችው፤ መቀርቀሪያው ተከፈተ።

«ድመት እንዳትጎትተው ትንሽ ከፍ አድርጊው» ብላኝ ወደ ቤት ገባች።