ሲራጅ የፋቀው ግድግዳ

በጅዳ አሮጌው ሰፈር ግንበኛው ሲራጅን የማያውቅ ድመት እንኳ የለም። ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። ወሬው ብዙ፣ ትዕግሥቱ ትንሽ፣ እጁ ግን ወርቅ። ከባሕር የወጣ ድንጋይ ሲያመጡለት መጀመሪያ በምላሱ ይቀምሰዋል። ጨው ጨው ካለው አይገነባበትም፤ በንጹሕ ውሃ እየታጠበ ፀሐይ ላይ ይክረም ይላል።

አንድ ቀን ጋሳን የሚባል ወጣት የማዘጋጃ ቤት መሐንዲስ መጣና የእትዬ ኸይሪያን ባለ አራት ፎቅ ቤት በር ቀይ ቀባው። ግድግዳው ስለተሰነጠቀ ቤቱ በአርባ ቀን ውስጥ እንዲፈርስ ተወስኗል አለ። እትዬ ኸይሪያ ከቃሬዛ በቀር ከዚህ የሚያወጣኝ የለም ብለው በሩን ዘጉበት፤ ከዚያም ሲራጅን አስጠሩ።

ሲራጅ ልስኑን ጫር አድርጎ ቀመሰና ፊቱ ጠቆረ። የባሕር ድንጋይ መተንፈስ አለበት። በሲሚንቶ ከለሰኑት እርጥበቱ መውጫ ያጣና ጨው ከውስጥ ይበላዋል። ዛሬ ይህን ሁሉም ያውቃል። ከሠላሳ ዓመት በፊት ግን ሲሚንቶ ሥልጣኔ ነበር፤ ቤቱን በኖራ የሚያስለስን ሰው ይሳቅበት ነበር።

“የትኛው ደደብ ነው ይህን የለሰነው?” አለ ከኋላው ቆሞ ያይ የነበረው ጋሳን።

ዝም ማለት ይቻል ነበር።

“እኔ ነኝ” አለ ሲራጅ። “አባቴ ተው ብሎኝ ነበር፣ አልሰማሁትም። አሁን ልፋቀው።”

ጋሳን ልስኑ ከተነሣ ቤቱ ይናዳል ብሎ ተከራከረ። ሲራጅ ደግሞ በየክንዱ ከፍታ ከድንጋዩ መሐል የተጋደመ እንጨት እንዳለና ግንቡን እንደ መቀነት አጥብቆ እንደያዘው እየማለ ነገረው። በመጨረሻ ጋሳን ከውስጥ በኩል ስንጥቁ ላይ ስስ መስታወት ለጠፈ። ግንቡ ትንሽ ከተንቀሳቀሰ መስታወቱ ይሰበራል፤ ከተሰበረ ቤቱ በዚያው ቀን እንዲፈርስ፣ እስከ አርባኛው ቀን ከቆየ ግን እንዲተርፍ ተስማሙ።

በመፋቂያው ቀን ሲራጅ ሠራተኞቹን መሰላል ላይ ሰቅሎ እሱ ውስጥ ገባ። ከግድግዳው ሥር ወንበር ስቦ ተቀመጠ። እትዬ ኸይሪያ ሻይ ይዘው መጡና አጠገቡ ተቀመጡ።

“አንተ ባጠፋኸው እኔ ልሙት እንዴ?”

“ይውጡ ታዲያ፣ እትዬ።”

“ከገዛ ቤቴ? ሻይህን ጠጣ ይልቅ።”

መዶሻው ከውጭ ሲያርፍ አቧራ ሻዩ ውስጥ ይወርዳል። ሲሚንቶው በትልልቁ እየተገነጠለ ወደቀ። ሁለቱም መስታወቱ ላይ እንዳፈጠጡ ቀትር አለፈ፤ ሲራጅ በዕድሜው እንዲህ ፈርቶ አያውቅም። ልስኑ አልቆ ተነሣ፣ ግንቡ ግን ንቅንቅ አላለም።

ከዚያ በኋላ የበሰበሱትን ሁለት እንጨቶች ቀየረ። ከድንጋዩ የሚወጣውን ነጭ ጨው በየማለዳው እየጠረገ ግንቡን አደረቀ። በአርባኛው ቀን ጋሳን መጥቶ መስታወቱን በጣቱ ዳስሶ አየው፤ ጭረት እንኳ የለበትም። ቀዩን ቀለም ናፍጣ በነከረው ጨርቅ ራሱ አጠፋው። ከየቤቱ የእንጨት መስኮት እልልታ ወረደ፤ ሲራጅ ሰው እያየው አለቀሰ፣ ግድም አልሰጠው።

ጋሳን ግን ከኪሱ ወረቀት አወጣ። በሰፈሩ ቀይ የተቀቡ አሥራ አንድ ቤቶች ተጽፈውበታል።

“ከእነዚህ ስንቱን በሲሚንቶ ለስነዋል፣ አባባ?”

ሲራጅ ስሞቹን በጣቱ እየተከተለ አነበበ።

“ዘጠኙን።”

“እንግዲያው ነገ ከየትኛው እንጀምር?”

“ምን ነገ ትለኛለህ፣ ገና ከሰዓት እኮ ነው” አለና መሰላሉን ተሸክሞ ቀድሞት ወጣ።