በየወሩ አንድ ሜትር ኩብ

እኛ ቢሮ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሁሉም «ጥያቄ» ነው የሚላት። ስሙን ያወጣላት ሥራዋ ነው። በውሃ አገልግሎት መሥሪያ ቤታችን፣ የደንበኞች መረጃ ቋት ፊት ተቀምጣ ቀኑን ሙሉ በኤስኪውኤል ጥያቄ ትጽፋለች። ኤስኪውኤል ማለት ቋቱን የሚያናግሩበት ቋንቋ ነው። አንድ ቆጣሪ በሁለት ሰው ስም ተመዝግቧል ወይ? ስልክ ቁጥሩ የጎደለ ደንበኛ አለ ወይ? የዚህ ወር ንባብ ካለፈው ወር አንሶ፣ ቆጣሪው ወደ ኋላ የሄደበት ቤት አለ ወይ? ቋቱ ይመልሳል፤ እሷ ደግሞ መልሱን ይዛ ከፎቅ ፎቅ ሰው ታሯሩጣለች። ሒሳብ ክፍል ያሉት ቀልደኞች «ይቺ ልጅ ስንት ጥያቄ ጻፈች፣ ለራሷ ግን አንድ የጋብቻ ጥያቄ አልመጣላትም» ይሏታል። እሷም «መጥቶ ነበር፤ ስፈትሸው ወደቀ» ትላቸዋለች።

ጠረጴዛዬ ከጠረጴዛዋ ጎን ነው፤ ስለ እሷ የማወራውም በዚህ መብቴ ነው። ፊት የማታይ ሰው ናት። ፍተሻ ስትጽፍ በውጤቱ ላይ የደንበኛ ስም እንዲወጣ አታደርግም፤ የቆጣሪ ቁጥር ብቻ ነው የሚወጣላት። «ስም ካየሁ አዳላለሁ» ትላለች። ከፍተሻዎቿ ሁሉ የሚፈራው ደግሞ አንዱ ነው፦ ዓመት ሙሉ ፍጆታው ዜሮ የሆነ ቤት ሰው የሌለበት ተብሎ ይወጣል፣ ቆጣሪውም ይነቀላል። አንዴ የተነቀለ ቆጣሪ ተመልሶ እስኪተከል ያለው ውጣ ውረድ ለጠላትም አይስጥ። የኃላፊያችን አማት ቤት እዚያ ዝርዝር ውስጥ የገባ ጊዜ፣ ኃላፊው መጥቶ «ይቺን ብቻ ዝለያት» አላት። «አንድ ሰው ከዘለልኩ ጥያቄ መሆኑ ቀርቶ አማላጅነት ይሆናል» አለችው። ሰውዬው ሲያኮርፋት ከረመ፤ ቆጣሪው ግን ተነቀለ።

ይቺው ሴት ታላቅ ወንድም አላት። ሥራ ፍለጋ ባሕር ከተሻገረ ቆይቷል። መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ ይደውል ነበር፣ ከዚያ አልፎ አልፎ፣ ከዚያ ጭራሽ ድምፁ ጠፋ። ሰው ስለ ወንድም እህት ሲጠይቃት «ወንድም ነበረኝ» ትላለች። አብረዋት የሚኖሩት እናቷ ካሉ ግን ወዲያው ያርሟታል። «ነበረኝ አይባልም፤ አለኝ በይ» ይሏታል። በዚህች በአንዲት ቃል ስንት እራት ሳይበላ እንደተነሣ ሁለቱ ናቸው የሚያውቁት። እናት ስልካቸውን ከጉያቸው አያወጡም። ልጅ ደግሞ ወንድሟን ካልጠየቋት አታነሣውም። ደንዳና ሆና አይደለም። አንድ ቀን ምሳ ላይ «ስጠብቀው ሌላ ነገር መሥራት አቅቶኝ ነበር፤ ስለዚህ መጠበቁን ተውኩት» አለችኝ። ከዚያ ወሬ ቀየረች፤ ሆድ ይፍጀው ነው መቼም።

ወንድሟ ሳይሄድ በፊት ከከተማው ዳር ሁለት ክፍል ቤት ሠርቶ ነበር። ቤቱ ተቆልፏል፣ አንዱ ቁልፍ እናት ጋ ነው። እሷ እሱ ከሄደ ወዲህ በዚያ ሰፈር አልፋ አታውቅም። እንግዲህ የተዘጋ ቤት ውሃ አይጠቀምም፤ በራሷ ፍተሻ መሠረት ቆጣሪው ይሄኔ መነቀል ነበረበት። አልተነቀለም። ጥያቄ ተብላ የምትጠራዋ ሴት ይህን አንዱን ሳትጠይቅ ኖረች። «እናቴ አከራይታው ይሆናል ብዬ ነበር፤ ስለ እሱ ላለማውራት ብዬ አልጠየቅኳትም» አለችኝ ኋላ።

ነገሩ የወጣው በአዲስ ፍተሻ ነው። አንዳንድ ቆጣሪ አንባቢዎች ሻይ ቤት ቁጭ ብለው የመሰላቸውን ቁጥር እንደሚሞሉ ይታማል። ከሁሉ የሚታሙት አንጋፋው አንባቢያችን ናቸው፤ ስማቸውም ከዚያው የመጣ ነው፣ ጋሽ ግምቴ። ጥያቄ ታዲያ ፍጆታው ለብዙ ወራት ሳይለዋወጥ አንድ ዓይነት የሆነውን ቤት ሁሉ አውጣልኝ ብላ ጻፈች። «ሰው ያለበት ቤት እንግዳ ይመጣበታል፣ ልጅ ያመዋል፣ ቧንቧው ያንጠባጥባል። የማይነቃነቅ ቁጥር ሰው ተቀምጦ የፈጠረው ነው» አለችኝ። የተያዙት ቤቶች ጥቂት ነበሩ፤ አብዛኞቹ ግን የጋሽ ግምቴ ሆነው ተገኙ።

ሽማግሌው ቢሯችን ድረስ መጡ። «አንቺ ልጅ፣ በጡረታዬ ዋዜማ ስሜን ልታጠፊው ነው? እኔን ካላመንሽ ቆጣሪውን እመኚው። ተነሺና እንሂድ።»

ኃላፊውም ሂዱ አለ፤ ቅዳሜ ጠዋት ሦስታችን ወጣን። የመጀመሪያው ቤት ቆጣሪው ተበላሽቷል። ሁለተኛው ቤት በር ላይ ጥጃ የሚያህል ውሻ ጠበቀን። ጋሽ ግምቴ አንገታቸውን ደፉ። «እዚህ እንኳ ገምቻለሁ፤ ነፍስ ነዋ» አሉ። ጥያቄ ሳቋን ዋጥ አድርጋ መዘገበችባቸው። ሦስተኛው ቤት ራቅ ይላል። «ይቺን ግን በዓይኔ ነው የማያት፤ በየወሩ አንድ ሜትር ኩብ፣ አትጨምር አትቀንስ» እያሉ ወደ አንዲት ጠባብ መንገድ ይዘውን ገቡ። ጥያቄ መንገዱ አፍ ላይ ቆመች።

«ምነው?» አልኳት።

«የወንድሜ ቤት ነው» አለች።

የቆርቆሮው በር ገርበብ ብሏል። ስንገባ እናቷ ግቢው መሐል፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ከቧንቧው ሥር በትልቅ ሳፋ አንሶላ ያጥባሉ። ገመዱ ላይ የወንድ ሸሚዞች ተሰጥተዋል። በረንዳው ተወልውሎ ገና አልደረቀም።

«እማዬ፣ ጓደኛዬ ቤት እሄዳለሁ አላልሽም?»

«መጣሽ?» አሉ እናት፤ ቀና ብለው እኛንም አዩን። «ግቡ፣ መሬቱ ያዳልጣል።»

«የማን ልብስ ነው?»

«የማን ይመስልሻል?»

«ማን ለብሶት ነው የምታጥቢው?»

«አቧራ ለበሰው» አሉ። አንሶላውን ጨምቀው ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉ። «ዓመት ሙሉ ዜሮ ከሆነ ይነቀላል ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ? ስንት ውሃ ቢፈስ ነው የማይነቀለው ስልሽ፣ አንድ ሜትር ኩብም ይበቃል፣ አምስት በርሜል ማለት ነው አልሽኝ። አምስት በርሜል እቀዳለሁ። አንሶላውን አጥባለሁ፣ መጋረጃውን አጥባለሁ፣ ወለሉን እወለውላለሁ። የቀረውን ይቺ ዛፍ ትጠጣለች። ልጄ ከመንገድ ገብቶ ቧንቧ ቢከፍት፣ ውሃ ሲያጣ ምን ይለኛል?»

ጋሽ ግምቴ ቆባቸውን አወለቁ። «እኔ እኮ ሁልጊዜ ልብስ ተሰጥቶ ሳይ፣ ንጹሕ ሰው ነው የሚኖርበት እል ነበር» አሉ። እኔ ቆጣሪውን የማይ መስዬ ዞር አልኩ፤ አንጀቴን በልተውት ነበር።

ጥያቄ ከቦርሳዋ ወረቀቱን አወጣች። የመጣንበት ወረቀት ሁለት ምርጫ ብቻ ነው ያለው፤ ሰው አለበት፣ ሰው የለበትም። ሰው የለበትም ከተባለ ይነቀላል።

«እማዬ፣ የውሃውን ውል ወደ አንቺ ስም እናዙረው» አለች በመጨረሻ። «አዲስ ደንበኛ ትሆኛለሽ፤ ጊዜ እናገኛለን።»

«ስም የሚዞረው ባለቤቱ ምን ሲሆን ነው?»

«ወይ ሲሸጥ፣ ወይ በስጦታ ሲሰጥ፣ ወይ…»

«ወይ ምን?»

ጥያቄ ወረቀቱን አጣጥፋ መልሳ ከተተች።

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» አሉ እናት። «ውሃውን ከፈለጋችሁ ውሰዱ። የልጄን ስም ከቤቱ አታውጪብኝ።»

ሰኞ ቢሮ ስንገባ ሌሎቹን ቤቶች ጨርሳ ያቺን አንዷን ክፍት ትታ ተቀመጠች። ኃላፊው እስከ ዓርብ መልስ ይፈልጋል። እኔ ቀለል አድርጌ «ሰው አለበት በያ! ማን ያውቃል? ጋሽ ግምቴ እንደሆኑ ምንም አላየሁም ብለዋል» አልኳት።

«እኔ አውቃለሁ» አለች። «የኃላፊውን አማት ቆጣሪ አስነቅዬ?»

«እንግዲያው የለበትም በያ።»

«እሱንም እጄ እምቢ አለኝ» አለች። ዓይኗ ሞልቶ ነበር። እሷን እንደዚያ ሆና አይቻት አላውቅም። ያን ሳምንት ያለ ወትሮዋ ፍተሻዎቿን ሌላ ሰው እንዲያስኬድላት ለመነች፤ ምሳም አብራን አልበላችም።

ሐሙስ ከሰዓት «መኪና ያለው ሰው ታውቃለህ?» አለችኝ። ፍራሽ፣ ሁለት ሻንጣ፣ አንድ ምድጃ ጫንን። እናቷ በር ላይ ቆመው ሲያዩን ቆዩና ብርድ ልብስ አምጥተው ጨመሩልን። እቃውን ያወረድነው ወንድሟ ቤት ነው። በማግስቱ ዓርብ ቢሮ ገብታ ወረቀቱ ላይ «ሰው አለበት» ብላ ሞላች። እውነት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሥራ የምትመጣው ሁለት አውቶቡስ ቀይራ ነው። የሚቀጥለው ወር ንባብ ሲመጣ ጋሽ ግምቴ ቁጥሩን ራሳቸው ይዘውላት መጡና «ሰው ሰው የሚሸት ቁጥር ነው» አሏት። እናቷ አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ይሄዳሉ፤ ሸሚዞቹን ግን ማጠብ የያዘችው እሷ ናት።

ሰሞኑን ምሳ ላይ ስለዚያ ሰፈር ስናወራ፣ ጭር ያለ ነውና ብቻዋን መሆኗ አሳሰበኝ። በሩን በደንብ ትዘጊዋለሽ ወይ ብዬ ጠየቅኳት።

«እቆልፈዋለሁ» አለች። «ከውስጥ መቀርቀሪያውን ግን አላደርግም።»

«ምነው? ሌባ ቢመጣስ?»

ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«አንዱን ቁልፍ ይዞት ነው የሄደው» አለች። «ተኝቼ ቢመጣ፣ ከፍቶ መግባት አለበት።»