የባዶ ወንበር ዋጋ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሃና ስልኳን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። ታላቅ እኅቷ ካምፓላ ነው ያለችው፤ የመውለጃዋ ወር ገብቷል፤ የመጀመሪያዋ ስለሆነ ሃና ሄዳ ልታርሳት ነው። ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ ከገዳሪፍ ተነስቶ አውሮፕላን የሚፈልግ ሰው ፖርት ሱዳን ድረስ መሄድ አለበት፤ የቲኬቱም ዋጋ ጠዋትና ማታ አንድ አይደለም።

«ባባ፣ ዛሬ ተወዷል» አለችኝ። «ቡክራ ይረክሳል ይላሉ። ነገን እንጠብቅ?»

«ግዢው።»

ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ለአንድ ኪሎ ሽንኩርት ሦስት ሱቅ የምዞር ሰው ነኝ። የረክሻ፣ የባጃጅ፣ ሒሳብ እንኳን ከወረድኩ በኋላ እንደገና እከራከራለሁ፤ ልጆቼ በዚህ አብረውኝ መሄድ ያፍራሉ።

«አሞሃል እንዴ?» አለች።

አላመመኝም። እትዬ ስንዱ ትዝ ብለውኝ ነው።

ያኔ ሃያ ሁለት ወይ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ከመተማ ቆላ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሱዳን ተሻግሬ ቁረይሻ የሚባል የእርሻ አገር ገባሁ። ማጭድና እኔ ግን አልተስማማንም። በሦስተኛው ቀን ከነዶው ጋር የራሴን አውራ ጣት አጨድኩና በጭነት መኪና ገዳሪፍ ሐኪም ቤት ተላክሁ። ጣቴ ሲድን ወደ እርሻው መመለስ አስጠላኝ። ትንሽ አረብኛ እናገራለሁ፣ ማንበብና መጻፍ እችላለሁ። ሐጅ በሽር የሚባሉ የሰሊጥ ነጋዴ ጽሑፌን አይተው ቀጠሩኝ።

የሐጅ በሽር ሱቅ ሁለት በር ነበረው። በአንደኛው በር የሰሊጥ ናሙና በየሳህኑ ተደርድሯል። በሁለተኛው በር ፀሐይ ያነጣው የአውሮፕላን ሥዕል ተሰቅሎ፣ ከሥሩ አንድ ስልክና የቲኬት ደብተር ተቀምጧል። ወካላ ይሉታል፤ የአየር መንገድ ውክልና ማለት ነው። እኔ ከሁለቱም በር ነኝ። ምሳ ከአንድ ትሪ ኪስራ፣ ስሱን የሱዳን እንጀራ፣ በወጥ እንበላለን። ረቡዕና ዓርብ ግን ለእኔ ለብቻው ፉል በሰሊጥ ዘይት ይመጣል፤ ጾሜን ከእኔ ይልቅ ሐጅ በሽር ያስታውሱ ነበር። እኔ ረስቼ እጄን ወደ ሥጋው ስሰድ ትሪውን ወደ ራሳቸው ሳብ ያደርጉታል።

በዚያ ገበያ አንድ ደንብ ነበር፤ ዛሬም አለ። በሱቅ በር የቆመ ሰው፣ ባለቤትም ይሁን ሚዛን ያዥ፣ ለገበሬው አንድ ጊዜ ከተናገረ ንግግሩ የሱቁ ነው። አንድ ቀን ሚዛን ያዣችን ተሳስቶ የትናንቱን ዋጋ፣ ከፍ ያለውን፣ ለአንድ የዶካ ገበሬ ነገረው። ሐጅ በሽር ያንኑ ከፈሉ። ለሚዛን ያዡ ያሉት ቢኖር «ከነገ ጀምሮ ሻይህን ከመጠጣትህ በፊት ዋጋ ጠይቅ» ብቻ ነው። እኔ ያን ቀን በሆዴ ሞኝ ናቸው ብያለሁ።

ያ ዓመት በዓለም ዙሪያ ሰው አውሮፕላን መሳፈር የተወበት ዓመት ነበር። ሬዲዮው ነጋ ጠባ ያወራዋል፤ ሰው ፈርቷል፣ ገንዘብ የለም፣ አየር መንገዶች ከስረው ሠራተኛ እያሰናበቱ ነው ይላል። ለእኔ ግን ይህ ሁሉ የሚታየኝ በስልኩ በኩል ነው። ጠዋት ጠዋት ካርቱም ካለው የአየር መንገዱ ቢሮ አንድ ሰውዬ ይደውልና የካይሮውን ዋጋ ያስጽፈኛል። በየሳምንቱ ወረደ። አራት ሳምንት በተከታታይ ሲወርድ ነገሩ የገባኝ መሰለኝ። እኔ የሰሊጥ ሰው ነኛ! ገዢ ሲጠፋ ዋጋ ይወርዳል፤ የታገሠ ያተርፋል። ከዚህ ሌላ ምን ትምህርት አለ?

እትዬ ስንዱ በጥቅምት ማለቂያ ላይ መጡ። የጎንደር ሰው ናቸው፤ በዶካ አካባቢ ለሰሊጥ ሠራተኛ ምግብ እያበሰሉ ያድራሉ። ሐጅ በሽር ሰሊጥ ሊያስረክቡ ፖርት ሱዳን ስለነበሩ ሱቁ በእኔ እጅ ነው። እትዬ ስንዱ ነጠላቸው ጫፍ ላይ የቋጠሩትን ገንዘብ ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አደረጉት። ነገራቸው አጭር ነበር። አንድ ልጅ አላቸው፤ ከተለያዩ ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል። ካይሮ በስደት ቆይቶ አሁን አውስትራሊያ ተቀብላዋለች። የሚበርረው በኅዳር ሚካኤል ማግስት ነው።

«ሳይሄድብኝ ልየው ብዬ ነው» አሉ። «አውስትራሊያማ ማን ይደርስበታል።»

የያዙት ገንዘብ ለዚያን ቀኑ ዋጋ ይበቃ ነበር። ደብተሩን ከፍቼ ስማቸውን መጻፍ ብቻ ነበር የቀረኝ። እኔ ግን ጎበዝ መሆን አማረኝ።

«እትዬ፣ እስከ ሐሙስ ይጠብቁ» አልኳቸው። «ገና ይወርዳል። በሚተርፈው ለልጅዎ ጃኬት ይገዙለታል።»

«አያልቅም?»

«ምን ያልቃል፣ ወንበሩ ባዶውን እየሄደ!»

«አንተ ታውቃለህ» ብለው ገንዘቡን መልሰው ቋጠሩ። ከደረጃው ሲወርዱ መረቁኝ። ያ ምርቃት እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠኛል።

ሐሙስ ጠዋት ሰውዬው ደወለ። ስንት ገባ አልኩት።

«ምን የሚገባ አለ፣ በረራው ተነሥቷል።»

«ወዴት ተነሣ?»

«ቀርቷል። በሳምንት አንዴ ብቻ ሆኗል፤ የሚቀጥለው ከኅዳር አጋማሽ በኋላ ነው።»

ሚካኤል አልፎ ማለት ነው። ዋጋው እኮ እየወረደ ነበር አልኩት። ሳቀ፤ ሳቁ ግን የደስታ አልነበረም።

«ስማኝ። አውሮፕላን ሃያ ሰውም ይጫን መቶ ሃያ፣ የሚጠጣው ነዳጅ ያው ነው። ሰው እንዲመጣ ዋጋ ቀነስን፣ አልመጣም። እንደገና ቀነስን፣ አልመጣም። በመጨረሻ ከማብረር ማቆሙ ረከሰ። በኪራይ የነበሩትን ሁለቱን ለባለቤቶቻቸው መልሰናል። እኔም ወር ቆይተህ ብትደውል መኖሬን እንጃ።»

ስልኩን ዘጋሁ። ሰሊጥ ዛሬ ባይሸጥ ጆንያው ውስጥ ይቆያል፤ ነገ ተነገ ወዲያ ይሸጣል። አውሮፕላኑ ከተነሣ በኋላ ባዶ ወንበር ለማን ይሸጣል? ይህን ያሰብኩት ያኔ ነው፤ ሰዓቱ ካለፈ። ሌላ አየር መንገድ አንድ በረራ ነበረው፤ ዋጋው ግን እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረውም።

እትዬ ስንዱ በመጀመሪያው መኪና ከዶካ ደርሰው አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ለልጃቸው የቆላ ሰሊጥና ድርቆሽ በከረጢት ይዘዋል። ነገርኳቸው። ቢሰድቡኝ ምንኛ በወደድኩ። ከረጢቱን ጭናቸው ላይ አስተካከሉና ቀና ብለው፣

«በእግር የሚደረስ አይዶለም አይደል?» አሉ።

«አይደለም፣ እትዬ።»

«እሺ። ምን ታደርግ፣ ልጄ። ለደግ ብለህ ነው።»

ሐጅ በሽር ከፖርት ሱዳን የገቡት በዚያው ቀን ቀትር ላይ ነው። የመንገዱ አቧራ ቅንድባቸው ላይ ነበር። የእኔን ፊትና የእትዬ ስንዱን ከረጢት አዩና ምን ሆናችሁ አሉ። አልደበቅሁም፤ አንድ በአንድ ተናገርኩ። ስጨርስም፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ ከደመወዜ ይያዝ አልኩ። ደመወዜ ለዓመት ቢያዝም አይሞላውም ነበር።

«ምን ነበር ያልካቸው?»

«ይጠብቁ፣ ይወርዳል።»

«የት ቆመህ?»

«እዚህ። በሩ ላይ።»

«ያ ወለዲ፣ ልጄ» አሉ ሐጅ በሽር፣ «እሳቸው አንተን ብለው አይደለም ከዶካ የመጡት። ወደ ሱቁ ነው የመጡት። ይወርዳል ያለው ሱቁ ነው።»

ከዚያ ከእጅ ቦርሳቸው ገንዘብ አወጡና በሌላው አየር መንገድ እንዲቆረጥ አዘዙ። እትዬ ስንዱ የከፈሉት ያንን የመጀመሪያውን ዋጋ ብቻ ነው። የቲኬቱ ንግድ በዚያ ዓመት ለሐጅ በሽር የሻይ እንኳን አያወጣም ነበር፤ አየር መንገዶቹ ራሳቸው ሲከስሩ መጀመሪያ የቆረጡት የወካላውን ድርሻ ነው። ይህን እኔ አውቃለሁ፤ እትዬ ስንዱ አያውቁም። ሐጅ በሽርም አልነገሯቸውም።

ቅጣቴ አንድ ነበር፤ እትዬ ስንዱን ካርቱም ድረስ ሸኝቼ አውሮፕላኑ ውስጥ ሲገቡ አይቼ እንድመለስ። በአውቶቡስ ሄድን። መንገድ ላይ በቆምንበት ሁሉ ከርከዴ የሚገዙልኝ እሳቸው ነበሩ። አውሮፕላን በቅርብ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ዐሥር ሰው የማይሞላበት ሰፊ አዳራሽ፣ መብራቱ ግማሹ የጠፋ። በመስተዋቱ ማዶ ሞተራቸው በጨርቅ የተሸፈነ አውሮፕላኖች በረድፍ ቆመው አቧራ ለብሰዋል። ወራቱን ሙሉ ዋጋ ስጽፍ እነዚህን አስቤያቸው አላውቅም።

በሩ ጋ ስንደርስ እትዬ ስንዱ ግንባሬን ሳሙኝ።

«አንተ ባታስጠብቀኝ፣ እኒያን ሰው መቼ አውቃቸው ነበር» አሉኝ።

መስተዋቱን ይዤ አለቀስኩ። ጠባቂው እናቴ የሄደችብኝ መስሎት ማሌሽ፣ ማሌሽ፣ አይዞህ እያለ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ከኅዳር አጋማሽ በኋላ ተመለሱ። ሦስት ቀን ከልጃቸው ጋር ነበሩ፤ ሦስቱንም ቀን ምግብ ሲያበስሉለት ነው የዋሉት። «ስምንት ዓመት ሙሉ ለሰው ልጅ ሠርቼ፣ ለራሴ ልጅ ሦስት ቀን» አሉና ሳቁ። ለሐጅ በሽር ከካይሮ መቁጠሪያ አምጥተዋል፤ ከመስጊድ ደጃፍ ላይ ተከራክረው የገዙት የእስላም መቁጠሪያ። ማተባቸውን ያሰሩት ሴት መቁጠሪያውን በሁለት እጃቸው ሲሰጡ ሐጅ በሽር ተነሥተው ነው የተቀበሉት።

«ለአንተ ምንም አላመጣሁም» አሉኝ ወደ እኔ ዞር ብለው። «ይቅር ብዬሃለሁ፤ ይበቃሃል።»

እናትና ልጅ ከዚያ ወዲያ በአካል አልተያዩም። በየፋሲካው ይደውል ነበር፤ ድምፅ ብቻ። እትዬ ስንዱ ዶካ ላይ ሲያርፉ ሐጅ በሽር በእርጅናቸው መኪና ተከራይተው ቀብራቸው ላይ ደረሱ። የቲኬቱ በር በረራው ከቀረ በኋላ፣ የዚያ ዓመት ክረምት ሳይገባ ተዘግቶ የሰሊጥ ማከማቻ ሆኗል። እኔም እስከ ዛሬ የሰሊጥ ሰው ነኝ፤ ዛሬ ሚዛኔ ላይ ያለው ልጅ ሲሳሳት፣ የምለውን ያስተማሩኝ ማን እንደሆኑ አልረሳም። ሐጅ በሽርን በሆዴ ሞኝ ብያቸው ነበር። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር፤ እንደ እሳቸው ያለ ሰው በር ላይ መቆሜ ዕድሌ ነው።

ሃና ቲኬቱን በተወደደው ዋጋ ቆረጠች። በማግስቱ ጠዋት ስልኳን እያወዛወዘች መጣች።

«ባባ፣ አላልኩህም? ረክሷል።»

አየሁት። እውነትም በደንብ ወርዷል። የሚቆጨኝ መስሏት ፊቴን ትጠብቃለች። ሰሊጥ ቢሆን ሳምንት ባልተኛሁ ነበር። ይህ ግን ወንበር ነው፤ እኅቷ ስታምጥ ልጄ አጠገቧ ትሆናለች።